በእቴቴ ልክ የተሰፋ በሽታ

ሰፈሩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ነርሷ ነው የሚሏት። ነርስነት ተምራ እንዳይመስላችሁ። የአባቷ ታላቅ እህት እቴቴ አእምሯቸው ሲከዳቸው እስከ ቀብራቸው ድረስ ብቻዋን ያስታመመቻቸው እሷ ስለሆነች ነው። ስሙን ያወጣላት ጎረቤት ሊያሾፍባት ነበር ያሰበው፤ እሷ ግን ወደደችው። ዕድሜዋን ሙሉ በአባቷ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክልና ገበር ስትሰፋ የኖረች፣ ሳታገባ አርባውን ያለፈች ሴት፣ በአንድ ነገር እንኳ ሰው «እሷን ጠይቁ» ሲል ብትሰማ ደስ አይላት ይሆን? ደስ አላት። ጉዱን ሁሉ ያፈላው ያ ደስታ ነው።

እቴቴን የያዛቸው አልዛይመር ነበር፤ ሐኪም ያረጋገጠው። መቼ እንደጀመራቸው ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቢማከር እንኳ አይስማማም። መነጽራቸው ይጠፋባቸው ነበር፤ የማን መነጽር አይጠፋም? ከዚያ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ አመጡ። ከዚያ የጎረቤቱ ስም፣ ከዚያ የወንድማቸው ልጅ ስም፣ በመጨረሻም የራሳቸው መኝታ ቤት በር ጠፋባቸው። እንደሚያረጅ ጨርቅ ነበር፤ ዛሬ ሳሳ የምትሉበት ቀን የለም፤ አንድ ቀን ወደ ብርሃን ስታነሱት ግን ማዶው ይታያል። እጅና እግራቸው ምንም አልሆነም። እንዲያውም መከራው እሱ ነበር፤ በር ክፍት ካገኙ ውልቅ ብለው ይወጡና ሌላ ሰፈር ነበር የሚገኙት።

ነርሷ ከዚያ ሁሉ ዓመት የተማረችው ብዙ ነው። በር መቆለፍ፣ ቢላዋ መደበቅ፣ የምድጃውን ጋዝ ከሥሩ መዝጋት ተማረች። «ምሳ አልበላሁም» ሲሏት አለመከራከርን፣ «በልተዋል እኮ እቴቴ፣ ረስተውት ነው» ብሎ ወሬ ማስቀየርን ተማረች። ከሁሉ በላይ የተማረችው ግን የመድኃኒትን ነገር ነው። አንድ ቀን እቴቴ ክኒናቸውን ዋጡ፤ መዋጣቸውን ረሱና ደገሙ፤ ያንንም ረሱና ሠለሱ። ሆስፒታል ገብተው ለጥቂት ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ ነርሷ ሕግ አወጣች፤ የሚረሳ ሰው ባለበት ቤት መድኃኒት በዚያ ሰው እጅ አይገባም። ሕጉ ለእቴቴ ትክክል ነበር። ልብ በሉ፣ ለእቴቴ።

አሁን ወደ አባቷ እንምጣ። ሰፈሩ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል፤ መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅማ። ለቅሶ ቤት እንኳ አንጠልጥለውት ይሄዱና ሰው በለቅሶው መሃል ሳቁን ይውጥ ነበር። ስፌት ቤቱ የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ነው፤ በመንገድ በኩል ሰፊ መስኮት፣ በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከመኪናው ጎን የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የነርሷ ዝቅ ያለች ወንበር። ጋሽ ሜትር የደንበኛ ልክ በወረቀት አይጽፉም። አንዴ ይለካሉ፣ አለቀ፤ በጭንቅላታቸው ይይዙታል። ከዓመታት በኋላ የመጣን ሰው ከላይ እስከ ታች ያዩትና «ወገብህ ሁለት ጣት ጨምሯል፤ ሚስትህ አልበደለችህም» ይሉታል። ሲለኩት ሁለት ጣት ነው።

የደም ግፊት ከያዛቸው ቆይቷል። እሱንም ቢሆን እንደ ሥራቸው ነበር የያዙት። ጠዋት የስፌት ቤቱን መስኮት ሲከፍቱ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ብልቃጡን ያነሣሉ፣ አንዷን ክኒን በውሃ ይውጣሉ፤ ሳይውጡ መርፌ አይነኩም። አስታዋሽ ፈልገው አያውቁም።

ነገሩ የመጣው ማክሰኞ ቀን ነው። ለአንድ ሙሽራ ኮት እየሰፉ ነበር። አካሉ አልቋል፣ የቀረው እጅጌ መግጠም ነው፤ ጋሽ ሜትር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሠሩት ሥራ። የግራውን እጅጌ አንሥተው ወደ ቀኙ ብብት አስጠጉት። ቆሙ። አዞሩት። እንደገና እዚያው ብብት አስጠጉት። ጨርቁን የሚመራው ግራ እጃቸው ከጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ ወረደ፤ አጠገቡ የነበረውን መቀስ ይዞት ወደቀ። ነርሷ ከወንበሯ ቀና አለች።

«እጄ ሰነፈ» አሏት ቀስ ብለው። «ደግሞ ቀጥሎ የምሠራው... ጠፋብኝ።»

በማግሥቱ እጃቸው በመጠኑ ተመለሰላቸው፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን አልተመለሰም። ኮቱን ነርሷ እንደምንም ጨርሳ ለሙሽራው ሰጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ትናንት ደህና የዋለ ሰው ዛሬ እንዲህ የሆነው ለምንድን ነው ብሎ ይደነግጥ ነበር፤ ተሸክሟቸውም ሐኪም ቤት ይሮጥ ነበር። ምንም የማያውቅ ሰው ይህን ያደርጋል። ነርሷ ግን ታውቃለች። «ጠፋብኝ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ሲገባ እቴቴ ዓይኗ ላይ መጡባት። ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጥባ ለታላቅ ወንድሟ ደወለችና አባታችንን ጀመረው አለችው።

ምኑ ነው የጀመረው ብሎ ጠየቃት። የእቴቴው ነዋ አለችው። ወንድሟ ከከተማው ማዶ በመኪናው እየመጣ እሑድ እሑድ ብቻ የሚያያቸው፣ ቢሮው ውስጥ አለቃ የሆነ፣ ቤት ሲመጣም አለቅነቱን በር ላይ የማያወልቅ ሰው ነው። ሐኪም ይየው እንዴ ብሎ ግን ጠይቋት ነበር፤ ይህን ልንክደው አይገባም። ሐኪም ምን ያደርግለታል፣ ለእቴቴስ ምን አደረጉላቸው፣ በዘር የሚመጣ ነው፣ እኔ አለሁ ያለችው እሷ ናት። ነርሷ ካለች አለቀ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ክፋት እንዳልነበረባት መናገር ያስፈልጋል፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። በእቴቴ ጊዜ ዘግይቼ ነው የነቃሁት የሚል ጸጸት ሲበላት ኖሯል። አሁን ቀድማ ልትገኝ ነው። በዓለም ላይ የቀራት ሰው አባቷ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ የሰፋች፣ ሲያዜሙ አብራ ያዜመች፣ ሲቆጡ አብራ ደንበኛ የተቆጣች። እሳቸውን ከዚያ በሽታ እጅ ፈልቅቃ ባታወጣቸው እንኳ ክፉ ሳይነካቸው ልታደርሳቸው ማለች።

በዚያው ሳምንት መቀሱ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጠፋ። ካውያው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። የመንገዱ በር ቁልፍ በክር ታስሮ በነርሷ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። በየበሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሽንት ቤት»፣ «ወጥ ቤት»፣ «መኝታ ቤት» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጋሽ ሜትር ወረቀቶቹን ተራ በተራ አነበቧቸውና «እኔንም አባት ብለሽ ለጥፊብኝ፤ እንዳትረሺኝ» አሏት። ሳቀች። ቀልድ መሆኑን እንጂ ማን ላይ እንደሆነ ልብ አላለችም። የክኒኑ ብልቃጥም ከመስኮቱ ደፍ ተነሥቶ በእሷ መኝታ ቤት መሳቢያ ገባ።

«ክኒኔስ?» አሉ ጠዋት መስኮቱን ከፍተው።

«እኔ እሰጥሃለሁ አባዬ። አንተ አታስብ።»

በመጀመሪያ ሰጠቻቸው፤ ውሸት አንናገርም። ጋሽ ሜትር ግን ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ዝግ ያሉ ሰው ሆነዋል። ሲጠየቁ መልሱ እስኪመጣ ጠያቂው ይሰለቻል። ሬዲዮ ሲሰሙ ያለቅሳሉ፤ ያውም ለዜናው ሳይሆን ለማስታወቂያው። ደንበኛ ሲሰናበታቸው ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱ ሳቅ ያመልጣቸዋል፤ በሁለቱም ያፍራሉ። አንዲት ጎረቤት ልትጠይቃቸው መጥታ አየቻቸውና መድኃኒት ነው ያደነዘዛቸው አለች። ነርሷ አሰበችበት። እቴቴም አንድ ክኒን ሲቀነስላቸው ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር። ግማሽ አደረገችው። ከዚያ አንድ ቀን ዘለለች፤ ምንም አልሆኑም። ከዚያ ጭራሽ ተወችው። ራስ ምታት የላቸው፣ ማዞር የላቸው፤ ግፊት እንደ ጥርስ ሕመም እየጮኸ የሚመጣ መስሏት ነበር። ዝም ብሎ እንደሚሠራ የነገራት የለም፤ የጠየቀችውም የለም።

ጋሽ ሜትር ግን ጠዋት ጠዋት «ክኒኔስ?» ማለታቸውን አልተዉም።

«ውጠሃል እኮ አባዬ።»

«አልዋጥኩም።»

«ውጠሃል፤ ረስተኸው ነው።»

በእቴቴ ላይ የሠራ መልስ ነው። እቴቴ ይህን ሲባሉ «እንዴ፣ እውነትሽን ነው» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ያልፉ ነበር። ጋሽ ሜትር አላለፉም። ዓይን ዓይኗን ያዩዋት ነበር። የዘገየው አንደበታቸው ለክርክር አይደርስላቸውም፤ ቃሉን ፈልገው እስኪያገኙት እሷ ወጥ ቤት ገብታለች። አንድ እሑድ ለወንድሟ ሊነግሩት ሞከሩ። እጁን ያዙና «ክኒን... ክኒን የለም» አሉት። ወንድሟ በነርሷ ላይ ዓይኑን ጣለ፤ እሷ ረስቶት ነው በሚል ራሷን ነቀነቀችለት። ስለዚህ እጃቸውን መታ መታ አድርጎ «እሺ፣ እሺ» አላቸው፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሜትር መጠየቁን ተዉት።

ነርሷ ይህንንም ተረጎመችው። ክኒኑንም ረሳው፣ በሽታው እየገፋ ነው ብላ ለወንድሟ በስልክ ነገረችው። ድምጿ ውስጥ ሐዘን ነበረ፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ፣ ያልኩት ደረሰ የሚል ትንሽ ኩራትም ነበረ።

አንድ ጊዜ እውነቱ ፊቷ መጥቶ ቆሞ ነበር። አውቶቡስ የሚነዳ የድሮ ደንበኛ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ነርሷ በሩ ላይ ተቀብላ፣ አባቷ እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እየሰሙ፣ ሥራ አቁመዋል፣ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሰው መለየትም ያቆማሉ አለችው። እንዲህ ነበር የምታወራው፤ በራሳቸው ላይ አሻግራ። ቢሰማም ይረሳዋል፣ ለነገ አይደርስም በሚል ነው። ድካም ሲያንገፈግፋት እቴቴ ላይ ጮኻ ታውቃለች፤ አንዴም ትከሻቸውን ይዛ ነቅንቃቸዋለች። ከአፍታ በኋላ «የኔ ቆንጆ» ብለው ነበር የጠሯት። ያ በሽታ ሁሉን ሲወስድ ቂምንም አብሮ ይወስዳል።

«ወገብ ሰማንያ ስምንት» አሉ ጋሽ ሜትር ከመስኮቱ ሥር፣ አንደበታቸውን እየጎተቱ። «ቀኝ እግርህ... ትንሽ ያጥራል።»

ሾፌሩ ሳቀና ልክ ነው አለ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። «ትናንትም መጥተህ... ዘግተን ነበር። በመስኮት አየሁህ። ጃንጥላ ይዘሃል።»

ሾፌሩ እውነትም ትናንት መጥቶ ነበር፣ ጃንጥላም ይዞ። ነርሷን አያት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች፤ የድሮውን ያስታውሳሉ፣ እቴቴም የልጅነታቸውን አይረሱም ነበር ብላ ሸኘችው። ትናንት የድሮ እንዳልሆነ ሊነግራት አፉን ከፈተና፣ የሰው ቤት ነገር ነው ብሎ መልሶ ዘጋው። ሱሪውንም ሌላ ቦታ አሰፋ።

ከዚያ ለወራት ጋሽ ሜትር ባሉበት ቆዩ። አልባሰባቸውም፣ አልተሻላቸውም። የእቴቴ ቁልቁለት መቆሚያ አልነበረውም፤ ሳምንት ደህና ሆነው ሰንብተው አያውቁም። ነርሷ ልዩነቱን አይታዋለች፤ አይታም የኔ አያያዝ ነው አለች። አንድ እሑድ ጠዋት ጋሽ ሜትር ከአልጋቸው ሲነሡ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ፣ ግራ እግራቸው ወለሉን እየፋቀ ተገኙ። ብርድ መትቷቸው ነው ተባለ። መስኮቱ ተዘጋ፣ ፊታቸው በሻርፕ ተጠቀለለ፣ ጉንጫቸው በቅባት ታሸ። አፋቸው ውሎ አድሮ ሲቃና ብርዱ ወጣ ተብሎ ደስ ተባለ። እግራቸው ግን እንደተጎተተ ቀረ፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ጋሽ ሜትር ሽንት ቤት ለመድረስ ግድግዳ የሚይዙ ሰው ሆኑ።

ሦስተኛው የመጣው ነርሷ ገበያ በሄደችበት ነው። ጋሽ ሜትር እንደ ልማዱ ተቆልፎባቸው ብቻቸውን ነበሩ። ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መኪናው ዘንድ ደርሰዋል፤ ክር ሊያስገቡ ሞክረዋል። ወድቀው በደህናው እጃቸው የመስኮቱን ሥር ሲደበድቡ ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ በሩን ግን ማን ይክፈተው? ቁልፉ ገበያ ውስጥ በነርሷ አንገት ላይ ነበር። ስትመለስ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቦ፣ አንዱ በመስኮቱ በኩል «አይዞዎት ጋሽ ሜትር፣ መጣች፣ መጣች» ሲላቸው አገኘችው። ቁልፉ ከቀዳዳው አልገባ ብሏት፣ ከእጇ ተቀብሎ የከፈተው ጎረቤቱ ነው።

ሆስፒታል ተኙ፤ የጭንቅላት ፎቶ፣ ሲቲ ስካን፣ ተነሡ። ትንሽ ሲጠነክሩ ሐኪሟ ቤተሰቡን ጠራች። ወጣት ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ፣ ድምጿ ግን የማይቸኩል። ጋሽ ሜትር በተሽከርካሪ ወንበር፣ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ሆነው ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። የመርሳት በሽታ አለባቸው ተብሎ ተነግሮኛል፣ ማን ነው ያለው ብላ ጠየቀች። ወንድምየው በአገጩ ወደ ነርሷ ጠቆመና እሷ ታውቀዋለች፣ አክስታችንን በዚሁ አስታምማለች አለ።

«የአክስትዎ መቼ ነበር የጀመራቸው?» አለች ሐኪሟ።

«እሱ አይታወቅም። ቀስ እያለ ነው የመጣው። ዓመታት።»

«የአባትዎስ?»

«ማክሰኞ» አለች ነርሷ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። «የሙሽራ ኮት እየሰፋ... ማክሰኞ ጠዋት።»

«ከዚያስ?»

«ባለበት ቆየ። ከዚያ እሑድ ቀን አፉ...» አልጨረሰችውም።

ሐኪሟም እንድትጨርስ አልጠየቀቻትም። ወደ ጋሽ ሜትር ዞረችና ሦስት ቃል ያዙልኝ አለቻቸው፤ ወንበር፣ ዝናብ፣ ብርቱካን። ስለ ሌላ ሌላ ነገር ስታጫውታቸው ቆይታ ቃሎቹን ይመልሱልኝ አለች። ጋሽ ሜትር ቆይተው «ወንበር» አሉ፤ ደግሞ ቆይተው «ዝናብ»። ሦስተኛው ጠፋቸው። ፍራፍሬ ነው ብትላቸው ወዲያው «ብርቱካን» አሉ። ነርሷ የእቴቴን ፈተና አስታወሰች። ለእቴቴም ያኔ ፍንጭ ተሰጥቷቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ቃል መያዛቸውንም ረስተው፣ የምን ፍራፍሬ ነው ብለው ሐኪሙን ተቆጥተውታል። ቀጥላ ሐኪሟ ሱሪ ሲሰፋ ምን እንደሚቀድም ጠየቀቻቸው። ጋሽ ሜትር የቀበቶ ማስገቢያውን ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት አደረጉት፣ ዚፑን ዘለሉት፣ ቆሙ። ስሕተት መሆኑን ያውቁታል፤ ማስተካከሉ ነው ያቃታቸው። አለቀሱ።

ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳየቻቸው። ይህ ሰፊው የአሁኑ ነው፣ እነዚህ ትንንሾቹ ግን የቆዩ ናቸው፣ ደም ሳይደርሰው የሞተ የአንጎል ክፍል ነው አለች።

«ስትሮክ ነው፤ ያውም አንዴ አይደለም። አልዛይመር ቁልቁለት ነው፤ ሰውየው ሲንሸራተት ቀኑን አትለዩትም። ይህኛው ደረጃ ነው። በአንድ ቀን ዱብ ይላሉ፣ እዚያው ይቆማሉ፣ ደግሞ ዱብ ይላሉ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ የሚገናኙበትም ጊዜ አለ፤ እሱን ወደፊት እናየዋለን። እዚህ የማየው ግን ይህንን ነው።»

ወንድምየው ልዩነቱ ምን ይጠቅማል፣ ያም ይህም አይድን አይደል ወይ አለ።

«የሞተው አይመለስም፤ እውነት ነው» አለች ሐኪሟ። «አልዛይመርን የማስቆምበት መድኃኒት የለኝም። ለሚቀጥለው ደረጃ ግን አለኝ፤ የግፊት ክኒን። የመጀመሪያው ቀን ቢመጡ ኖሮ ምናልባት ሁለተኛውና ሦስተኛው ባልመጡም ነበር። ግፊታቸው እዚህ ሲገቡ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ድሮ ክኒን ይወስዱ ነበር አይደል? ማን አቋረጠው?»

ነርሷ አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሜትር።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። ቃል በቃል እየለቀሙ ተናገሩ። «ልጄ... በየቀኑ ትሰጠኛለች። እኔ ነኝ... የተውኩት። ረስቼው።»

ይህን ውሸት ለመዋሸት ምን ያህል ማስታወስ እንደሚጠይቅ ከነርሷ በቀር በክፍሉ ውስጥ የገባው ሰው አልነበረም። ክኒኑን ያስታውሳሉ። የጠየቁባቸውን ጠዋቶች፣ የተሰጣቸውን መልስ፣ ወንድምየው እጃቸውን መታ መታ ያደረገበትን እሑድ ያስታውሳሉ። እሷ የሰፋችላቸውን በሽታ አንሥተው በሰው ፊት ለበሱላት። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ሐኪሟ እየጠበቀች ነበር፣ ወንድሟ አጠገቧ ነበር። ዝም አለች።

መኪና ውስጥ ወንድሟ መሪውን ይዞ አባቱ ላይ ወቀሳ ሲያወርድባቸው መጣ። በገዛ እጅህ ራስህን ገደልክ፣ እሷ ስንት ለፍታብህ አላቸው። ጋሽ ሜትር ከኋላ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሱ ነበር፤ መሃል ላይ ሳቅ አመለጣቸው፤ ጭራሽ ታላግጣለህ ብሎ ባሰበት። ከዚያ በመስታወቱ ነርሷን አያትና «አንቺ ባትኖሪለት ኖሮ ምን ይውጠው ነበር» አላት። እሷ የአባቷን የማይንቀሳቀስ እጅ ይዛ መንገዱን ታይ ነበር።

ቤት ከገቡ በኋላ ሁሉንም መለሰች። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ በአንድ እጅ ጨርቅ ይዞ በዚያው እጅ የሚቆርጥ ሰው ግን የለም። በሩን ክፍት ተወችው፤ የሚወጣበት እግር የለም። ወረቀቶቹን ከየበሩ ላቀቀቻቸው፤ የሙጫው ምልክት ቀረ። ክኒኑን ብቻ በጊዜው ታስውጣቸዋለች፤ ውሃውን በማንኪያ እያደረገች። አንዲት ጎረቤት እናቴ መርሳት ጀመራት፣ ነርሷ፣ ምን ትመክሪኛለሽ ብላ ብትመጣ ሐኪም ጠይቂ ብላ በሩን ዘጋችባት። ኮራች ተባለች።

እንቅልፍ የሚወስዳት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ያን ውሸት የዋሸልኝ ቢወደኝ ነው፤ ከልቡ ይቅር ብሎኛል፤ አባት አይደል? እያለች ራሷን ታባብላለች። ከአፋቸው ግን አልሰማችውም፤ ሳትሰማው መኖር ደግሞ አልቻለችም። አንድ ጠዋት ክኒኑን አስውጣቸው፣ የሾርባውን ሳህን ይዛ ከወንበራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ሐኪሟ ዘንድ ለምን እንደዚያ አልክ?»

መልሱ እስኪመጣ ጠበቀች።

«ወንድምሽ... ቢያውቅ... ያስወጣሻል።»

እንባዋ ግጥም አለ። ደህናውን እጃቸውን ይዛ ሳመችው። «አውቄ ነበር። ይቅር ብለኸኛል ማለት ነው።»

ጋሽ ሜትር እጃቸውን ከእጇ አወጡ። ቃሉን ሲፈልጉ ፊታቸው ተጨማደደ። ሊያለቅሱ መስሏት ነበር፤ አላለቀሱም።

«አላልኩሽም» አሉ። «በየጠዋቱ... አልዋጥኩም አልኩሽ። በየጠዋቱ። አንዱንም... አልረሳሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ግን አንቺ ከወጣሽ... ማን ያጎርሰኛል?»

ነርሷ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር። ማንኪያውን አነሣች፤ አባቷ አፋቸውን ከፈቱ።